እኔ ለሥራዬ ሽንቴን እሰጣለሁ፣ ዌልፌር የሚቀበለውስ?

ትራከሩ_ዳላስ፦
ሰላም የቤቱ ልጆች። ሲያበግነኝ የከረመ ነገር አለ፣ ላምጣው። እኔ ትራክ ነው የምነዳው። ሲዲኤል፣ ማለት የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሥራ ከመጀመርህ በፊት ለድራግ ምርመራ ሽንት። አደጋ ከደረሰ ሽንት። በዕጣ ስምህ ከወጣም ያለህበት ተጠርተህ ሽንት። አንድ ቀን ብትወድቅ ስምህ ክሊሪንግ ሀውስ የሚባለው የፌዴራል መዝገብ ውስጥ ይገባና የትኛውም ኩባንያ ብታመለክት ያገኝሃል። እሺ ይሁን፣ ሕግ ነው። ግን እንዲህ ተመርምሬ ካገኘሁት ደሞዝ ላይ ታክስ ይቆረጣል፣ ከታክሱም ለዌልፌር ይሄዳል፣ ያንን የሚቀበለውን ሰው ደግሞ ማንም ኩባያ ያዝ አይለውም። ሠርቼ የማገኘው እኔ የምመረመር ከሆነ ሳይሠራ የሚያገኘው በምን ሒሳብ ይታለፋል? አንዳንድ ስቴቶች ሕግ አውጥተው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ደረሰ? ስድብ አልፈልግም፣ መልስ ነው የምፈልገው።

ቦሌ_ሚካኤል፦
መቶ በመቶ። ሀሺሽ መግዣ ካለህ ዳይፐር መግዣም አለህ። አለቀ።

የአትላንታዋ፦
@ቦሌ_ሚካኤል "አለቀ" ስላልክ አለቀ ማለት ነው? ቆይ እስቲ፣ የሚያውቅ ሰው ይናገር።

ሄለን_ኬዝወርከር፦
ወንድሜ ትራከሩ፣ ጥያቄህ ብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ያለ ነው። እኔ የምሠራው በአንድ ካውንቲ የእርዳታ ቢሮ ነው፣ ማመልከቻ የምቀበለውም እኔ ነኝ። ከወዲያኛው መስኮት ሆኜ ልንገርህ።

መጀመሪያ ዌልፌር የምንለው ነገር አንድ አይደለም። ለምግብ መግዣ የሚሰጠው ፉድ ስታምፕ አለ፣ ለድሃ የሚሰጠው የሕክምና ሽፋን ሜዲኬድ አለ፣ የቤት ድጋፍ አለ፣ ልጅ ላላቸው ድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ ጥሬ ገንዘብ አለ። የምርመራው ነገር የሚነሣው በአብዛኛው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው፣ ታኒፍ በሚባለው። ክሊንተን በ1996 የዌልፌሩን ሕግ ሲፈርም ስቴቶች ከፈለጉ ተቀባዮቹን መመርመር ይችላሉ የሚል አንቀጽ አብሮ ገብቷል። በድራግ ከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው ደግሞ በዚያው ሕግ ከታኒፍም ከፉድ ስታምፕም ዕድሜ ልኩን እንዲታገድ ተደርጎ ነበር። ስቴቱ ካልፈለገ ማንሣት ይችላል፣ ብዙዎቹም አንሥተውታል ወይም አላልተውታል። ተራውን የፉድ ስታምፕ አመልካች ግን ስቴት በራሱ ተነሥቶ ሽንት ስጥ ማለት አይችልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፍሎሪዳ ውስጥ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ታኒፍ ቢበዛ 303 ዶላር ነው። በወር ነው ያልኩት። የፌዴራሉ ገንዘብ ደግሞ ለአንድ አዋቂ በዕድሜው በደንቡ ከ60 ወር አያልፍም። ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ካለ በምን እንደሚኖር እሱ ራሱ ያስረዳን።

ሕጉን በደንብ የሞከረችው ያቺው ፍሎሪዳ ናት። በ2011 ገዥው ሪክ ስኮት ፈረመ፣ ከጁላይ ጀምሮ ለታኒፍ ያመለከተ ሁሉ ተመርመር ተባለ። ጥርጣሬ ኖረም አልኖረም። ዋጋውን አመልካቹ ከኪሱ ይከፍላል፣ ነፃ ከሆነ ይመለስለታል። ፍርድ ቤት እስኪያስቆመው ድረስ 4,086 ሰው ተመረመረ። የወደቀው 108 ነው። 2.6 በመቶ። ከወደቁትም አብዛኞቹ በማሪዋና ነው። ስቴቱ ነፃ ለሆኑት የመለሰው ገንዘብ 118,140 ዶላር ደረሰ። ለወደቁት ይከፈል ከነበረው እርዳታ በ45,780 ዶላር ይበልጣል። ያንተ ታክስ ይተርፋል ተብሎ የተጀመረ ነገር ያንተን ታክስ በላ። የጠበቃው ወጪ እዚህ ውስጥ የለም።

ትራከሩ_ዳላስ፦
@ሄለን_ኬዝወርከር እህቴ አመሰግናለሁ። ግን እዚህ ላይ አንቆኛል። የወደቁት ትንሽ የሆኑት እኮ የሚያጨሰው ሰው ምርመራ አለ ሲባል ስለቀረ ሊሆን ይችላል። እኛም ጋ እንዲሁ ነው። የሚያጨስ ሰው ትራክ ድርጅት ድርሽ አይልም። ስለዚህ የወደቀውን ብቻ ቆጥረሽ ሕጉ አልሠራም ማለት አትችይም። የቀረውንም ቁጠሪ።

ሄለን_ኬዝወርከር፦
ጥሩ ክርክር ነው፣ የስኮት ሰዎችም ይህንኑ ነበር የሚሉት። ግን የሚቀር ሰው ከነበረ የተቀባዩ ቁጥር መቀነስ ነበረበት አይደል? የስቴቱ የራሱ የውስጥ ሰነድ ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት በምርመራው ምክንያት የቀነሰ ነገር የለም ነው የሚለው። ቀጠሮ ይዘው ሳይመረመሩ ሰረዙ የተባሉትም 40 ገደማ ናቸው። 40 ሰው ከ4 ሺህ። ሁሉንም አጫሽ ናቸው ብትልልኝ እንኳ ከወደቁት ጋር ደምረህ 4 በመቶ አይሞላም። በዚያው ጊዜ በአገሪቱ በጠቅላላ ባለፈው ወር ድራግ ወስጃለሁ የሚለው ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ሰው 9 በመቶ ገደማ ነበር።

ቦሌ_ሚካኤል፦
ቁጥር እኮ እንደፈለግሽ ይታጠፋል። እኔ በዓይኔ የማየው አለ። እኛ ሰፈር የእርዳታው ገንዘብ የሚጫንበትን ኢቢቲ ካርዱን በግማሽ ዋጋ ሸጦ

አወያይ፦
@ቦሌ_ሚካኤል ከዚህ በታች ያለው ሰፈርና ዘር እየጠቀሰ የሚሳደበው ክፍል ተነሥቷል። በሚቀጥለው ጊዜ አስተያየቱ ሙሉ በሙሉ ይነሣል።

ጋሽ_አበራ_ሜሪላንድ፦
ልጆች እንደምን ናችሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ትራከሩ፣ አንተን ኩባያ ያስያዘህ ነገር የሆነው እኔ ካለሁበት ብዙም ሳይርቅ ነው። በጃንዋሪ 1987 ባልቲሞር አጠገብ ቼዝ የሚባል ቦታ የአምትራክ ባቡር መንገደኞቹን ሞልቶ ሲከንፍ ኮንሬል የሚባለው ድርጅት ሎኮሞቲቮች ሐዲዱ ላይ ገቡበት። 16 ሰው ሞተ። የሎኮሞቲቮቹ ሠራተኞች ማሪዋና ሲያጨሱ እንደነበር ተደረሰበት። አገር ተቆጣ። በ1991 ኮንግረስ ለሕዝብ ደኅንነት የሚያሰጋ ሥራ ያላቸው የትራንስፖርት ሠራተኞች ሁሉ እንዲመረመሩ ሕግ አወጣ፣ ባቡሩም፣ አውሮፕላኑም፣ የናንተም ትራክ እዚያ ውስጥ ገባ።

አሁን ሕገ መንግሥቱን እንይ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 የባቡር ሠራተኞችን ጉዳይ ሲያይ፣ መንግሥት ሽንትህን ወስዶ ሲመረምር ፍተሻ ነው አለ። ፍተሻ ከሆነ አራተኛው ማሻሻያ አለ። ፖሊስ ደስ ስላለው ብቻ ቤትህ ገብቶ ቁም ሣጥንህን እንደማይከፍተው፣ ሽንትህንም እንዲሁ ደስ ስላለው አይወስድም። ልዩ ምክንያት ማሳየት አለበት። ባቡር የሚነዳ ሰው ቢደነዝዝ ሰው ይሞታል፣ ይህ ልዩ ምክንያት ነው ተብሎ ተፈቀደ። 80 ሺህ ፓውንድ ይዞ አውራ ጎዳና ላይ የሚበር ሰውም እንዲሁ። ስለዚህ አንተ የምትመረመረው ደሞዝ ስለምትቀበል አይደለም። ስትደነዝዝ ሰው ስለምትገድል ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ ደረሰኝ የሚመዘግበው የኩባንያህ ሰው በዚህ የፌዴራል ሕግ አይመረመርም፣ እሱም ደሞዝ ይቀበላል።

ጆርጂያ ደግሞ ለሥልጣን የሚወዳደሩ ሰዎች ይመርመሩ የሚል ሕግ ነበራት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ጣለው። አደጋው የቱ ጋ ነው፣ ይህ ለታይታ ነው ተባለ። ፖለቲከኛ አይነካም፣ ድሃ ሲሆን ግን ክርክር ይነሣል።

የፍሎሪዳውን የከሰሰው የቀድሞ የባሕር ኃይል ወታደር ነው። ተማሪ ነው፣ ትንሽ ልጁንና አካል ጉዳተኛ እናቱን ያስተዳድራል። ማመልከቻውን ሞላ፣ የተጠየቀውን ሁሉ አቀረበ፣ ሽንቱን ሲሉት ግን ምን አድርጌ ነው የምጠረጠረው አለ። ዳኛ ሜሪ ስክሪቨን በኦክቶበር 2011 ሕጉን አስቆሙት። አትላንታ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2014 አጸናው። ስኮትም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ተዉት። ሚሺጋንም ከፍሎሪዳ በፊት በ1999 ሞክራ ነበር፣ እዚያ የይግባኝ ዳኞቹ 6 ለ6 ስለተከፈሉ የታችኛው ፍርድ ቤት እገዳ ጸና።

የአትላንታዋ፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልን። እንዲህ ያስተማረኝ አስተማሪ አልነበረም።

ትራከሩ_ዳላስ፦
ጋሼ የባቡሩን ተቀብያለሁ። ግን አደጋ የሚለውን በጠባቡ ያዙት። ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን ያላት እናት ሄሮይን ብትወስድ አደጋ አይደለም? ልጁ የሚሞትበት መንገድ ከሀይዌይ ያነሰ ነው? ታኒፍ ደግሞ የሚሰጠው ልጅ ላለው ነው ብላችኋል። መንግሥት ለልጁ ብሎ ገንዘብ ከሰጠ ልጁ ደህና መሆኑን ማወቅ መብቱ ነው እላለሁ።

ሄለን_ኬዝወርከር፦
ይሄኛው ጠንካራው ነው፣ እውነት። እኔንም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው እንጂ የታክሱ ነገር አይደለም። ፍርድ ቤት ላይም ፍሎሪዳ ይህንኑ አንሥታለች።

ችግሩ ምን መሰለህ። ሕጉ ምርመራውን የወደቀውን ሰው ለአንድ ዓመት ያግድ ነበር፣ ሕክምና ከጨረሰ በስድስት ወር ሊመለስ ይችል ነበር። የልጁ ገንዘብ ግን አይቆምም ነበር፣ ሌላ አዋቂ ተመርጦ በእሱ በኩል ይከፈል ነበር። ጥሩ። ልጁስ? ልጁ እዚያው ቤት ነው። ሽንቷ የወደቀባት እናት ሕክምና ራሷ ትፈልግ፣ ወጪውንም ራሷ ትቻል ነው የተባለችው፣ ስቴቱ አልከፍልም ብሎ ሕጉ ላይ ጽፎታል። ከ303 ዶላሩ የራሷን ድርሻ የተቀነሰባት ሴት የት ሄዳ ነው የምትታከመው? ለልጁ ቢታሰብ ኖሮ የሕክምናው በጀት ነበር ቀድሞ የሚጻፈው።

ዩታ የሠራችው ትንሽ ይሻላል፣ ፍትሐዊ ልሁን። በ2012 ነው የጀመረችው። ሁሉንም አትመረምርም። መጀመሪያ የጽሑፍ መጠይቅ ይሰጣል፣ መልሱ ካጠራጠረ ነው ወደ ምርመራ የሚላከው፣ የወደቀም ሕክምና ከገባ እርዳታው ይቀጥላል። በመጀመሪያው ዓመት 4,730 ሰው መጠይቁን ሞላ፣ 466 ተመረመረ፣ 12 ወደቀ። ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ወጣበት። ታዲያ ለ12 ሰው ነው። ያው ገንዘብ ለአንድ አማካሪ ቢከፈል የተሻለ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ግን ቢያንስ ወድቆ ሕክምና የገባውን መንገድ ላይ አልጣለም።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦
ብዙ ጊዜ አልጽፍም። ወንድሜ ሱሰኛ ነው፣ ስለዚህ ስለ ምርመራው አንድ ነገር ልበል። ሽንት ማን እንደተጎዳ አይነግርህም። ማሪዋና አዘውትሮ ካጨስክ ለሳምንታት ሽንትህ ላይ ይቆያል። ኮኬይን በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። አልኮል ደግሞ በተለመደው ምርመራ አይታይም፣ ስለማይፈለግ። ወንድሜን የጨረሰው አልኮል ነው። እሱ ጠዋት ሄዶ ኩባያውን ሞልቶ ነፃ ነህ ተብሎ ይወጣ ነበር። ቅዳሜ ማታ ጓደኛው ቤት ሁለቴ የሳበው ልጅ ግን ይወድቃል። እኛ ቤት የጎደለው ምርመራ አልነበረም። አልጋ ነው የጠፋው። ልግባ ባለበት ቀን የሚቀበለው የሕክምና ቦታ አጣን፣ ቦታው ሲገኝ እሱ ሐሳቡን ለውጦ ነበር። የቤተሰቡን ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ትራከሩ_ዳላስ፦
@ዝም_ብዬ_አንባቢ እግዚአብሔር ይማረው ወንድሜ። አይዞህ።

ሲያትል_ሰለሞን፦
እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ይመርመር ካልን ሁሉም ይሰለፍ። በ2016 የዊስከንሰኗ የኮንግረስ አባል ግዌን ሙር፣ ከ150 ሺህ ዶላር በላይ የታክስ ቅናሽ በዝርዝር የሚጠይቅ ሀብታም ሽንቱን ይስጥ የሚል ረቂቅ አቀረበች። አላለፈም፣ ያልፋል ብላም አይመስለኝም፣ ግን ምላሳቸውን አስያዘቻቸው። የቤቱን ወለድ ከታክስ የሚያስቀንሰውም እኮ የሚያገኘው ከዚያው ካዝና ነው። እኛ ሐበሾች ደግሞ ቤት ገዝተን ሪፈንድ ስናገኝ "መብቴ ነው" እንላለን፣ ጎረቤት ፉድ ስታምፕ ሲያገኝ "ሰነፍ" እንላለን።

ቦሌ_ሚካኤል፦
የራስህን ታክስ ማስመለስና የሰው ታክስ መብላት አንድ ነው? ተው እንጂ ሰሌ።

ሲያትል_ሰለሞን፦
@ቦሌ_ሚካኤል የተቀበለችውም ሴት ስትሠራ ታክስ ስትከፍል ነው የኖረችው። ሥራ ስታጣ ነው የመጣችው። አንተ ሥራ አታጣም?

ሜልቦርን_ልጅ፦
ከዚህ ወዲያ ማዶ ላካፍላችሁ። እኛም አገር፣ አውስትራሊያ፣ ይህ ነገር መጥቶብን ነበር። በ2017 መንግሥት ለሥራ አጥና ለወጣቶች የሚከፈለውን ድጎማ አዲስ ከሚጀምሩት 5,000 ሰው በዕጣ እንመርምር አለ። ቦታዎቹ ሲድኒ ካንተርቤሪ ባንክስታውን፣ ኩዊንስላንድ ሎጋን፣ ምዕራብ ደግሞ ማንዱራ። ስደተኛ የሚበዛበትም ሰፈር ገብቶበታል፣ አትታዘቡም? መጀመሪያ የወደቀ ሰው አብዛኛው ገንዘቡ በእጁ አይሰጠውም፣ በካርድ እንዲገዛ ይደረጋል። ሐኪሞቹ ጮኹ፣ የሱስ ሕክምና ላይ ያሉት ራሳቸው አንፈልግም አሉ። ሴኔቱ አላሳለፈውም። መንግሥት ደጋግሞ አመጣው፣ ደጋግሞ ቀረ።

አዲስ_ገብ_ዲሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በዲቪ ነው የመጣሁት፣ አዲስ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ጫትም በዚህ ምርመራ ይወጣል? ሳቁብኝ ግን ንገሩኝ።

የአትላንታዋ፦
ማንም አይስቅብህም፣ ብዙ ሰው ሊጠይቅ ፈልጎ ያፈረውን ነው የጠየቅከው።

ሄለን_ኬዝወርከር፦
@አዲስ_ገብ_ዲሲ የተለመደው ምርመራ አምስት ነገር ነው የሚፈልገው፦ ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ የኦፒየም ዓይነት ድራጎችና ፒሲፒ። ጫት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ግን ከዚህ ተነሥተህ ችግር የለውም እንዳትል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የተመዘገበው። ኤርፖርት ላይ በሻንጣ ይዞ የተገኘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ጠይቅ።

አንተን የሚመለከት ሌላም አለ። በዲቪ የገባ ሰው ግሪን ካርድ ካገኘ በኋላ በፌዴራል ገንዘብ ታኒፍ ለማግኘት በደንቡ አምስት ዓመት ይጠብቃል። ስደተኛ ሆኖ ወይም ጥገኝነት ተሰጥቶት የገባ ሰው ግን ይህ ጥበቃ የለበትም። ፉድ ስታምፕን በተመለከተ የ2025 ሕግ ስደተኞችንም ስለነካ የድሮውን ወሬ ይዛችሁ አትሂዱ፣ በየቢሮው ጠይቁ። "ሐበሻ መጥቶ ዌልፌር ላይ ይተኛል" ለሚለውም መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። አብዛኛው ዲቪ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቢፈልግም ታኒፍ አይሰጠውም።

ጋሽ_አበራ_ሜሪላንድ፦
የኔ ልጅ ሄለን ያላነሣችው አንድ ነገር አለ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ዜጋ የሆነ ሰው ምርመራ ቢወድቅ የእርዳታ ድርሻውን ያጣል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን የሚያጣው ሌላ ነው። ማሪዋና እዚህ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ሕጋዊ ነው፣ ሱቅ ገብተህ ትገዛለህ። በፌዴራል ሕግ ግን አሁንም ወንጀል ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በስቴት ሕግ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ማሪዋና የተጠቀመ ሰው ለዜግነት መልካም ጠባይ የለውም ሊባል ይችላል። ባትከሰስም፣ ባይፈረድብህም፣ አዎ አጭሻለሁ ማለትህ ሊበቃ ይችላል። እንግዲህ በእርዳታ ቢሮ መጠይቅ ላይ በፊርማህ የሞላኸው ወረቀት የት እንደሚሄድ አስብ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ስለ እኛ አላሰቡም፣ የራሳቸውን ዜጋ እያሰቡ ነው የጻፉት። እኛ ላይ ሲያርፍ ግን እጥፍ ይሆናል።

ትራከሩ_ዳላስ፦
ይሄ ከባድ ነው። ይሄን ማንም አልነገረኝም። ካናቢስ ሱቅ ፊት ለፊት ሐበሻ ወጣቶች ተሰልፈው ሳይ ግሪን ካርዳቸው ትዝ ይለኛል ከዛሬ ወዲያ።

እንግዲህ የኔን አቋም ልናገርና ልሂድ፣ ሎድ ይዤ ሜምፊስ ልገባ ነው። ሁሉንም ሰው መመርመር ገንዘብ ማባከን ነው የሚለውን ቁጥሩን አይቼ ተቀብያለሁ። ግን ምንም አይጠየቅ የሚለውን አልቀበልም። ሳን ፍራንሲስኮ በማርች 2024 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አንድ ነገር አሳልፏል። ከከተማው ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ልጅ የሌለው አዋቂ በድራግ ከተጠረጠረ ይገመገማል፣ ሕክምና ይቅረብለታል፣ እምቢ ካለ ገንዘቡ ይቆማል። ሽንትም አይደለም። ያች ግራ ዘመም የምትባል ከተማ ናት ይህን የመረጠችው። እንደሱ ያለውን እደግፋለሁ።

ሄለን_ኬዝወርከር፦
ሕክምናው በዕለቱ የሚገኝ ከሆነ እኔም እሰማሃለሁ። @ዝም_ብዬ_አንባቢ የጻፈውን ግን ደግመህ አንብበው። "እምቢ አለ" የሚባለው ሰው ስንቱ ነው አልጋ ያጣው? እሱን ሳይለዩ ገንዘብ የሚያቋርጡ ከሆነ ያው ፍሎሪዳ ነው በሌላ ስም።

ትራከሩ_ዳላስ፦
እሱ ላይ እንከራከራለን። ሜምፊስ ደርሼ እመለሳለሁ።

ዩታ_መጪዋ፦
ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። እህቴ በስደተኝነት ገብታ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሶልት ሌክ ልትኖር ነው። መጠይቁን በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጧት? ቋንቋው ገና ነው። ያልገባትን ነገር አዎ ብላ ፈርማ እንዳትበላሽ ፈራሁ።

ሄለን_ኬዝወርከር፦
@ዩታ_መጪዋ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላት፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ ሁሉ ግዴታው ነው። "አማርኛ" ትበል፣ በስልክም ቢሆን ያገናኟታል። ልጆቿን አስተርጓሚ እንዳታደርግ፣ ይህን ብዙ እናቶች ያደርጉታል፣ ጥያቄው ደግሞ ለልጅ ጆሮ አይሆንም። ያልገባትን ጥያቄ ሳይገባት አትመልስ፣ ድገሙልኝ ማለት ነውር የለውም። ውሸትም አትጻፍ፣ ያ የባሰ ነው። የሚያስፈራት ነገር ካለ ቅጹን ይዛ ሳትፈርም ትውጣና ያመጣት የሰፈራ ድርጅት ውስጥ ያለውን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታናግር። ቀጠሮ ቢዘገይ ይሻላል።

ዩታ_መጪዋ፦
ተባረኪ። አሁኑኑ ልደውልላት።